የአባባ ሙርቲ ኮርማ

መስከረም 21

የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲው አዲስ ክላየንት ሰጠኝ። ሮዝቪል ነው፣ አፓርትመንት። ሙርቲ ይባላሉ፤ ህንዳዊ ናቸው፣ ባንጋሎር ከሚባል ከተማ የመጡ ጡረተኛ መሐንዲስ። ልባቸው ደክሟል፣ እግራቸው አብጧል። መዋጥ ስላስቸገራቸው ምግባቸው ሁሉ ተፈጭቶ ነው የሚሰጣቸው። ልጃቸው ላታ ሴንት ፖል የመንግሥት ቢሮ ትሠራለች፤ እሷ ከሥራ እስክትመለስ አብሬያቸው የምውለው እኔ ነኝ።

ስሜን ስነግራቸው ሳቁ። «ኢየሩሳሌም! ቅድስቲቱ ከተማ እግሬን ልታጥብ መጣች» አሉኝ። እዚህ አገር ሁሉም ጄሪ ነው የሚለኝ። እሳቸው ሙሉውን ጠሩት። ሰው ፊቴ ከሳቀ ቆይቷል፤ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

ቤት ስገባ የልጄ የትሕትና በር እንደተዘጋ ነው። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ እንደዚያው ነው። ግን ሳህን ታጥቦ ማድረቂያው ላይ አለ። ስለዚህ በልታለች። ይኼም ደግ ነው።

መስከረም 24

የእንቁጣጣሹን ነገር አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እንግዶች ነበሩ፤ ቦጋለ ከነሚስቱ፣ ሌሎችም ከቤተ ክርስቲያን። ቦጋለ የልጁን የነርሲንግ ምርቃት ቪዲዮ ሲያሳየን ቆየና ወደ ትሕትና ዞሮ «ያንቺስ መቼ ነው? አዳራሽ እንያዝ እንዴ?» አላት። እሷም ዝም ብላ እንደ ተራ ነገር «ትቼዋለሁ። በረዶው ሳይቀልጥ ነው የተውኩት» አለች። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ እኛ ክላስ እየሄደች መስሎን ነበር። ባለቤቴ ደረሰ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ነው የከረመው። በሚነዳው የሆቴል ሻትል የሚጭናቸው እንግዶች እንኳ ሳይቀሩ ልጁ ነርስ ልትሆን እንደሆነ ያውቃሉ።

ደረሰ ተነሣ። እኔ ኩሽና ዳቦ እየቆረስኩ ስለነበር አላየሁም። የጥፊውን ድምፅ ነው የሰማሁት። ስመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ቦጋለ «በቃ፣ በቃ፣ ይቅር» ይላል።

ደረሰ ክፉ ሰው አይደለም። በልጅነቷ እንኳ ተቆጥቷት አያውቅም። ይኼን የምጽፈው ለመከላከል ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃል አላናገረችንም። በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

መስከረም 27

አባባ ሙርቲ አልጋቸው ትይዩ ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ ሰቅለዋል። የተኛ ጥቁር ኮርማ ነው፣ ከድንጋይ የተጠረበ፤ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ፣ ከፊቱ የቆመ ሰው ጭንቅላቱ ከኮርማው ጉልበት አያልፍም። መጀመሪያ አይኔን ከሱ ላይ እያሸሸሁ ነበር የምሠራው። ዛሬ እግራቸውን እያሸሁ ምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ እንኳ አላቆሙም።

«የተወለድኩበት ሰፈር በዚህ ኮርማ ነው የሚጠራው» አሉ። «የኮርማው ቤተ መቅደስ ማለት ነው ስሙ። ድሮ ከተማ አልነበረም፤ መንደር ነው፣ ኦቾሎኒ የሚዘራበት። ኦቾሎኒው ሊደርስ ሲል አንድ ኮርማ በጨለማ እየመጣ እርሻውን ያወድም ጀመር። የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንድ ገበሬ በጣም ተናደደ። ዱላ ይዞ አደፈጠ። ኮርማው መጣ። ገበሬው ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።»

«ከዚያስ?»

«ኮርማው አልሸሸም። አልወጋውምም። ባለበት እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። ድንጋይ ሆነ።»

አምላካቸው ሺቫ የሚቀመጥበት ኮርማ ነው ይላሉ፤ ናንዲ ይሉታል። ገበሬዎቹ ማን እንደነበረ ያወቁት ከተመታ በኋላ ነው።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «የመታው ሰውዬስ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ስለ ኮርማው ነው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ» አሉ። «ስለ ሰውዬው ታሪኩ አይናገርም።»

ተረት ነው። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ቤት ስመጣ ግን ኮቴን ሳላወልቅ ከትሕትና በር ፊት ቆሜ ቆየሁ።

መስከረም 30

ቸኩያለሁ። ደረሰ ትላንት በሯ ላይ የፌስታል ከረጢት ትቶ ሄዷል። ብርቱካን፣ የስልክ ቻርጀር። አላነሣችውም። ዛሬ ደግሞ ሌላ ጨመረበት። ሥራ ረፈደብኝ።

ጥቅምት 3

ከቅዳሴ በኋላ ኮቴን ስፈልግ ከማንጠልጠያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «የጄሪ ልጅ እኮ ከቤት አትወጣም አሉ።» «ዕፅ ይሆናላ፤ ሌላ ምን ይሆናል?» ኮቴን ሳልይዝ ወጣሁ። ቲጂ ናት መኪና ድረስ ያመጣችልኝ።

ቲጂ ጓደኛዬ ናት፣ ክፋት የላትም። ግን «ጠበል ውሰጃት» አለችኝ፤ ቀጥላም «አንቺም እኮ ጣዖት ያለበት ቤት ውለሽ ነው የምትመጪው፣ ምን ይዘሽ እንደምትገቢ ምን ይታወቃል» አለች። መኪናውን አስነሣሁ።

አንድ የታመመ ሽማግሌ ነው ያለው እዚያ ቤት። እጄን ይዞ የሚተኛ።

ደግሞ ትክክል ብትሆንስ?

ጥቅምት 8

ዛሬ ሽንታቸው ቀንሷል፤ ለላታ ደወልኩላት። ከሰዓት ግን ተሽሏቸው ነበር፤ የኮርማውን ታሪክ ቀጠሉልኝ።

ድንጋይ ከሆነ በኋላ ማደግ ጀመረ አሉ። ከዓመት ዓመት ይረዝማል፣ ይወፍራል። መንደሩ ፈራ። ወደ ሺቫ ጸለዩ። ከኮርማው እግር አጠገብ ተቆፍሮ ባለ ሦስት ጣት የብረት ጦር ወጣ፣ ያንን ግንባሩ ላይ ተከሉበት። ማደጉን አቆመ። የከተማው መሥራች፣ ኬምፔ ጎውዳ የሚባል ገዢ፣ ቤተ መቅደሱን ያሠራለት ኋላ ነው፤ ከዛሬ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት። ይኼኛው ታሪክ ነው፣ ያኛው ተረት ነው፣ እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ልዩነቱን አውቃለሁ ብለው ሳቁ። ድንጋዩ አንድ ወጥ ነው። የጠቆረው ለዘመናት ዘይትና ቅቤ ሲቀባ ኖሮ ነው።

ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ልጅ ሆኜ የማይገባኝ ነገር ነበር» አሉ። «መቱት። ዝም አለ። ከዚያ ደግሞ ማደጉ አስፈራቸውና ግንባሩ ላይ ብረት ተከሉበት። ለምን አልተዉትም ነበር? ቢያድግ ምን ነበረበት?»

የትራስ ልብስ እየቀየርኩ ስለነበር አልመለስኩላቸውም።

ትሕትና ነርስ መሆን አትፈልግም ነበር። የፈለገችው ሥዕል ይሁን ፊልም፣ እንዲያ ያለ ነገር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነግራኝ ነበር። «ለአባትሽ ባትነግሪው ይሻላል» አልኳት። ለሷ ብዬ ነው።

ጥቅምት 14

ላታ በኅዳር ባንጋሎር እወስድሃለሁ ብላቸው ነበር። በነሱ አቆጣጠር በዚያ ወር የመጨረሻ ሰኞ፣ ቤተ መቅደሱ ጋ ትልቅ የኦቾሎኒ ገበያ ይቆማል። ገበሬው ሁሉ የመጀመሪያውን ምርት አምጥቶ ለኮርማው ያቀርባል፣ ከዚያ መንገዱ ሙሉ ኦቾሎኒ ብቻ ይሆናል፤ የተቆላ፣ የተቀቀለ፣ ጥሬ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በሽታ ካልያዛቸው ቀርተው አያውቁም ነበር፤ አሜሪካ ከመጡ ግን አንዴም አላዩትም።

ዛሬ ሐኪሙ አውሮፕላን አይሆንም አለ። ከዚህ በኋላ ሕክምናውም ይብቃ፣ ቤት ሆነው ሆስፒስ፣ የማይድን ሕመምተኛን እስከ መጨረሻው የሚንከባከበው ድርጅት፣ ይከታተላቸው አለ። ላታ ኮሪደሩ ላይ ነገረችኝ፣ አፏን በእጇ ይዛ። «እንዴት ብዬ ልንገረው?» አለችኝ። በሩ ክፍት ነበር። ስንገባ ፊታቸውን ወደ ፎቶው አዙረው፣ «ነገርሽኝም አልነገርሽኝም፣ ጆሮዬ ገና ደህና ነው» አሏት።

ጥቅምት 19

የሆስፒሷ ነርስ የኛው አገር ልጅ ናት፤ ፋዮ ትባላለች፣ አነጋገሯ የጅማ። ፈጣን ናት፣ እጇ ለስላሳ ነው። ስትወጣ «አባባ ስለሚበሉት ነገር ከልጃቸው ጋር በስልክ ተነጋግረናል፣ እሷ ትነግርሻለች» አለችኝ። እሺ አልኩ።

በር ላይ ስሸኛት ምን እንደታየኝ አላውቅም፣ የትሕትናን ነገር ነገርኳት። መመታቷን አይደለም። ዝም ማለቷን። ፋዮ ጫማዋን ማሰር አቆመች። «እህቴ፣ ይኼ የሚታከም ነገር ነው» አለች። «እየቆየ ሲሄድ ነው የሚከፋው። እኔ የማውቃት ሐበሻ ሐኪም አለች፤ ስልኳን ልስጥሽ?» ቁጥሩን ላከችልኝ።

ማታ ለደረሰ አነሣሁበት። «ልጄ እብድ አይደለችም» አለ። እኔም አይደለችም አልኩ። እሱም «ስሟ አንዴ እዚያ መዝገብ ከገባ ማን ይቀጥራታል? ማን ያገባታል?» አለ። እኔም እውነትህን ነው አልኩ። ሁለታችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው፤ ግን የዚህ ቤት ግድግዳ ካርቶን ነው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ጠበል ልንሄድ ተዘጋጅቼ በሯን አንኳኳሁ። ትወጣለች ብዬ አላሰብኩም። ወጣች። ነጠላ ሰጠኋት፣ ለበሰች። ደረሰ አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪናውን ያሞቅ ነበር፤ ስታልፈው ፈቀቅ አለላት። አላየችውም። እሱ «እኔ ልቅር» አለ። ብቻችንን ሄድን።

ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ ተናገረች። በእንግሊዝኛ ነው። ድምፅዋ ወፍሯል፣ የሌላ ሰው መስሏል።

«እዚያው ነበርሽ እኮ፣ እማ። ቆመሽ ታዪ ነበር።»

«ዳቦ እየቆረስኩ ነበር» አልኳት።

ወደ መስኮቱ ዞረች። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ክላክስ ተደረገብኝ። ጠበሉን ተረጨች፣ ምንም አልሆነችም። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ካህኑ «ርኩስ መንፈስ የለባትም፣ ልጅቷ አዝናለች» አሉኝ። ይኼን ለመስማት ነው እንዴ የሄድኩት?

መነጽሯን በእንቁጣጣሹ ቀን እኔ ነኝ ያነሣሁላት። እግሬ ሥር መጥቶ ወድቆ ነበር፣ አንዱ ክንፉ ተሰብሮ። እዚያ ምን ይሠራ ነበር እንዳልል፣ ኩሽናውና ሳሎኑ አንድ ነው፣ መጋረጃ እንኳ የለውም።

ይብቃኝ ዛሬ።

ኅዳር 1

መጀመሪያው በረዶ። አባባ ሙርቲ መስኮት ላይ አስጠጊኝ አሉና አየን። ድምፃቸው እየቀነሰ ነው። ጆሮዬን ማስጠጋት አለብኝ።

«ዋሽቼሽ ነበር» አሉኝ። «ስለ ሰውዬው። ታሪኩ አይናገርም ብዬሽ ነበር። እናቴ ግን ነግራኛለች። እኔም እንዳንቺ ጠይቄያት ነበር።»

ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ሳብኩላቸው።

«በዓመቱ ኦቾሎኒው ሲደርስ የመጀመሪያውን ቅርጫት ይዞ መጥቶ ኮርማው ፊት አስቀመጠ። በሚቀጥለውም ዓመት። በሚቀጥለውም። ሌሎቹ እሱን እያዩ ማምጣት ጀመሩ። ያ ሁሉ ገበያ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከአንድ ሰው ጸጸት ነው የመጣው አለችኝ።»

«ታዲያ ኮርማው በላለት?» አልኩ።

«ድንጋይ ነው እኮ፣ ኢየሩሳሌም።»

ከዚያ ስለ ወንዙ ነገሩኝ። ከኮርማው እግር ሥር ይፈልቃል የሚባል ወንዝ አለ፤ ስሙም ከኮርማው የተወሰደ ነው። በልጅነታቸው ይዋኙበት ነበር። አሁን የከተማው ፍሳሽ ሁሉ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው፤ ጥቁር ሆኗል፣ ዳሩ ላይ መቆም አይቻልም። «ብዙ ሰው ሊያጸዳው ሞክሯል» አሉ። ተሳካ ወይ አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ አልተሳካም ማለታቸው ነው።

ማታ ስመለስ ደረሰ በሯ ላይ አዲስ የበረዶ ቦት ጫማ ከነካርቶኑ አስቀምጧል። ከብርቱካኑ አጠገብ፣ ከሹራቡ አጠገብ፣ ከምኑም ከምኑም አጠገብ። ካርቶኑን አየሁት። የጫማ ቁጥሯን አያውቅም።

ብርቱካኑን አንሥቼ ጣልኩት። ሻግቷል።

ኅዳር 6

ከሥራ ስወጣ ህንድ ሱቅ ሄድኩ። ጥሬ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ አለ ወይ ስል ባለሱቁ «ለበዓሉ ነው?» አለኝ። ለሽማግሌ ነው አልኩት። ቅርፊቱን በእጁ እያሸ ምርጥ ምርጡን ሰፈረልኝ። በጨው ውሃ ከነቅርፊቱ ይቀቀላል አለኝ። የገበያው ዕለት ቤቱ እንዲሸት ብቻ ነው የፈለግኩት። መብላት እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጠጣር ነገር ክልክል ነው ይላል።

የሐኪሟ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ሁለት ጊዜ ከፍቼው ዘጋሁት። ሰኞ እደውላለሁ።

ኅዳር 11

አልደወልኩም። ሰኞ የላታ ስብሰባ ስለነበረ ቆየሁላት፣ ማክሰኞ ደረሰ ቤት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ራሴን አሞኝ።

ትሕትና ገላዋን ስትታጠብ የውሃውን ድምፅ ሰማሁ። ረጅም ጊዜ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

እዚያ ሰኞ ሲነጋ እዚህ እሑድ ምሽት ነው። ሽፍቴ አልነበረም፣ ግን ላታ ነይልን ስትለኝ ሄድኩ። ኦቾሎኒውን ቀቀልኩት። ቤቱ በሙሉ አፈር አፈርና ጨው ጨው ሸተተ። አባባ ሙርቲ አይናቸውን ከፈቱ፣ እንዲህ ካዩ ቀናት አልፈው ነበር።

ላታ ስልኳን ደግፋ ገበያውን በቀጥታ ሥርጭት ከፈተችላቸው። ሕዝብ፣ ሕዝብ፣ ሕዝብ። መሬት ላይ እንደ ኮረብታ የተከመረ ኦቾሎኒ። ከዚያ ካሜራው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ገባ፣ ኮርማው ታየ፣ በአበባ ተሸፍኖ፣ ግንባሩ ላይ ያ ብረት። አባባ ሙርቲ መዳፋቸውን ለማገናኘት ሞከሩ፣ አልቻሉም፤ ላታ ሁለቱን እጆቻቸውን ይዛ አገናኘችላቸው። እኔ እነሱ ሲጸልዩ አላማተብኩም፣ አልወጣሁምም። ግድግዳው ጋ ቆሜ ነበር።

ከዚያ የላታ ስልክ ጠራ፣ ወንድሟ ነው፣ ወጥታ ኮሪደር ላይ አወራችው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንዲት» አሉኝ። «አንዲት ፍሬ።»

«አይቻልም አባባ። ያንቅዎታል፣ ሳንባዎ ይገባል።»

«አፌ ውስጥ ብቻ።»

ለስላሳ ናት፣ ተቀቅላለች፣ በጣቴ ብጨፈልቃት ውሃ ትሆናለች። አውቃለሁ። ግን ወረቀቱ አለ። ፈቃዴን ይቀሙኛል። ቢያንቃቸውስ? እኔ ነኝ የምጠየቀው። «ላታ ትምጣና እንጠይቃት» አልኩ። ላታ ስትመለስ ግን አይኖቿ ቀልተው ስለነበር ሌላ ነገር ልጭንባት አልፈለግኩም። አልጠየቅኳትም። እሳቸውም አልደገሙም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፣ ፎቶው ወደሌለበት ግድግዳ።

ትክክለኛውን ነው ያደረግኩት። ማንም ቢጠይቀኝ ትክክለኛውን ነው ያደረግኩት።

ኅዳር 17

ቃል የለም። አይን የለም። ፋዮ ሁለቴ መጣች። ጥቂት ነው የቀረው አለች። አልፎ አልፎ ብቻ አባባ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ያጉተመትማሉ። ላታ ምን እንደሚሉ ስጠይቃት «እናቱን ነው የሚጠራው» አለች።

ኅዳር 18

ከቀትር በኋላ አረፉ። እጃቸው በእጄ ውስጥ ነበር። ላታ መንገድ ላይ ነበረች፣ አልደረሰችም። በረዶው ትራፊኩን ዘግቶት።

ነፍስ ይማር አልኩ። ለነሱ እንዲህ ይባል አይባል አላውቅም።

ኅዳር 24

ከአስከሬኑ ማቃጠል በኋላ ላታ ዕቃ እንድታግዢኝ ነይ አለችኝ። አልጋውን ኩባንያው ወስዶታል። ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት ስትገነጥል ድንገት ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። «ይኼን እስካሁን አላነሣሁትም ነበር?» አለች። «ፋዮ እኮ ከነገረችኝ ወር አልፏል። ከዚህ በኋላ ደስ ያለውን ይብላ፣ የፈለገውን ስጡት ብላኝ ነበር። ነገርኩሽ አይደል?»

«አዎ» አልኳት።

ሌላ ምን ልበላት? አባቷን ሸኝታ የመጣች ሰው ናት።

«በበዓሉ ቀን ከኦቾሎኒው ቀመሰ ወይ?» አለችኝ። «እኔ ስልክ ላይ ሳለሁ?»

«ትንሽ» አልኩ። «አንዲት ፍሬ።»

አቀፈችኝ። በጣም አጥብቃ ነው ያቀፈችኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ማልቀስ አልቻልኩም። ሰው እንዲህ ሆኖ መኪና ይነዳል ወይ? ነዳሁ።

ኅዳር 28

ትሕትና ሄዳለች።

ጠዋት በሩ ክፍት ነበር። ስንት ጊዜ እንዲከፈት ስጸልይ የነበረ በር። አልጋው ተነጥፏል፣ ወለሉ ተጠርጓል። ደረሰ ያስቀመጠላትን ዕቃዎች አንዱንም ሳትከፍት ወደ ውስጥ አስገብታ በግድግዳው ጥግ ደርድራቸዋለች። ቦት ጫማው፣ ሹራቡ፣ ቻርጀሩ። ያረጀ ስኒከሯን አድርጋ ነው በዚህ ብርድ የሄደችው።

ፖሊስ ጋ ደወልን። አካለ መጠን የደረሰች ናት፣ በፈቃዷ ነው አሉን። ጓደኞቿን ጠየቅን፤ አንዷ ኢቅራ የምትባል፣ ከሃይስኩል ጀምሮ አብራት የነበረች ልጅ፣ «ደህና ናት» አለችኝ በሩን በግማሽ ከፍታ። «የት ናት?» «ደህና ናት፣ አክስቴ። አትናገሪ ብላኛለች።» ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ሻይ ግቢ እንኳ ብላኝ ነበር።

ደረሰ ክፍሏ ውስጥ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እስካሁን አልተነሣም።

ታኅሣሥ 2

ፋዮ ቁጥሯን ለሰጠችኝ ሐኪም ደወልኩ። ልጅትዋ ራሷ መምጣት አለባት አለች ሐኪሟ። ድምፅዋ ደስ ይላል። «ወይስ ለራስሽ ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። አይ፣ እኔ ደህና ነኝ አልኩ።

ታኅሣሥ 9

አዲስ ክላየንት፣ ብሉሚንግተን። ነጭ ሴትዮ፣ ቴሌቪዥን ብቻ። አትናገርም፣ እኔም አልናገርም።

ደረሰ ሥራ ቀንሷል። ቦጋለ ሊያጽናናው መጥቶ ነበር። ደረሰ ጥሎት ወጣ፣ ፓርኪንጉ ላይ በረዶ ሲጠርግ ቆየ፣ የጎረቤቱንም የማናውቃቸውንም ሰዎች መኪና ጭምር።

ታኅሣሥ 13

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነቃ የእንቁጣጣሹን ቀን ድምፅ ደግሜ ሰማሁት። ዳቦውን አስቀምጬ ነበር። ቢላዋውንም። ቆሜ ነበር። ሁለት እርምጃ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። እጁን ሲያነሣ «ደረሰ!» ብል ይበቃ ነበር። እሱ ስሙን ከጠሩት ይመለሳል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ሰዎች ነበሩ፣ እንዳላዋርደው ብዬ ነው።

ጻፍኩት። አልቀለለኝም።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ደወለች።

ሾርባ እየሠራሁ ነበር። ቁጥሩ የማላውቀው ነው፣ ላነሣው አልፈለግኩም ነበር። «እማ» አለች። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዴንቨር ናት። መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ከሌሎች ልጆች ጋር ክፍል ይዛለች። ይበርድሻል ወይ አልኳት፤ አይ አለች። ትበያለሽ ወይ አልኳት፤ አዎ አለች። ይቅር በይኝ ልል አፌን ከፍቼ «ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ቁጥር አለኝ» አልኩ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ «እንደደወልኩ ለዳዲ ከነገርሽው ስልኩን እቀይረዋለሁ። ምንም እንዳትነግሪው። በሕይወት እንዳለሁ እንኳ። ገባሽ?» አለችኝ።

«ትሕትናዬ፣ እሱ እኮ—»

«ገባሽ ወይ፣ እማ?»

«ገብቶኛል።»

ዘጋችው።

ደረሰ ከውጭ ገባ፣ ትከሻው ላይ በረዶ ይዞ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። «ማነው?» አለኝ። ኤጀንሲው ነው፣ የነገ ሽፍት ቀይረውብኛል አልኩ። ጓንቱን አወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣው። ብዙ ከስቷል። ልብሱ ላይ ነው የታየኝ፣ ፊቱን ስለማላየው ይሆናል።

«ጄሪ» አለኝ። «ለኔ መቼም አትደውልም። ለአንቺ አንድ ቀን ትደውል ይሆናል። ከደወለች የት ናት አልልሽም። ምን አለች አልልሽም። በሕይወት አለች ብቻ በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሾርባው ሊገነፍል ስለነበር ወደ ምድጃው ዞርኩ።

«እሺ» አልኩት።